ከሕግ ወደ ሕግ፤ አዶልፎ ስዋሬዝ እና በብድር የተገኘ እምነት

ኖቬምበር 18 ቀን 1976 ምሽት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማድሪድ፣ ኮርቴስ በሚባለው የአምባገነኑ ፍራንኮ ዘመን ምክር ቤት ውስጥ ስም እየተጠራ ነው። ስሙ የተጠራ እንደራሴ ሰው ሁሉ እየሰማው «አዎ» ወይም «አይሆንም» ይላል፤ ይመዘገባል፤ ቀጣዩ ይጠራል። አዳራሹን የሞሉት ጄኔራሎች፣ በመንግሥት የሚመሩ የሠራተኛ ማኅበራት ሹማምንት፣ ከንቲባዎች፣ ፍራንኮ በገዛ እጁ የሾማቸው ሽማግሌዎች ናቸው። ድምፅ የሚሰጡበት ሕግ አጭር ነው፤ ዋና አንቀጾቹ አምስት ብቻ። ከጸደቀ ግን እነሱ የተቀመጡበት ምክር ቤት ይፈርስና በምትኩ ሕዝብ የሚመርጣቸው ሁለት ምክር ቤቶች ይቋቋማሉ። ቆጠራው ሲያበቃ 425 ደግፈዋል፣ 59 ተቃውመዋል፣ 13 ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል። የቴሌቪዥኑ ካሜራ በዚያች ቅጽበት ያዘው ጠቅላይ ሚኒስትሩን ነው፤ አዶልፎ ስዋሬዝ ጀርባውን ወደ ወንበሩ ለቅቆ፣ ራሱን ቀና አድርጎ፣ ሲያምቀው የቆየውን ትንፋሽ ሲያስወጣ ይታያል።

ለዚህ ምሽት የሚሰጠው የተለመደ ማብራሪያ ስዋሬዝ ደፋርና አርቆ አሳቢ ዴሞክራት ነበር የሚል ነው። በ2014 ሲሞት የማድሪድ አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ የተሰየመውም በዚሁ መንፈስ ነው። የሰውየውን የሥራ ዘመን ከዳር እስከ ዳር ለሚያይ ግን ጎልቶ የሚወጣው ሌላ ነገር ይመስለኛል። ስዋሬዝ አገሩን ያሻገረው በተበደረው እምነት ነው፤ የራሱ ጥሪት ከመነሻው አልነበረውም። አሮጌው ሥርዓት «የራሴ ልጅ ነው» ብሎ አመነው፤ እሱ ያንን እምነት ይዞ ሄዶ ለተቃዋሚዎች መንገድ ከፈተበት። አበዳሪዎቹ ተራ በተራ ሒሳባቸውን ሲጠይቁት የሚከፍላቸው አጣ። ያቆመውም የጣለውም ይኸው ብድር መሆኑን ካልያዝን፣ ከ1976 እስከ 1981 ስፔን ውስጥ ከሆነው የምንረዳው ግማሹን ብቻ ነው።

የተወለደው በ1932 በአቪላ አውራጃ ሴብሬሮስ በምትባል፣ በወይን እርሻዋ በምትታወቅ ትንሽ ከተማ ነው። ሕግ ተማረ እንጂ በሊቅነት ስሙ የሚነሣ ሰው አልነበረም፤ ትልቅ ቤተሰብም የለውም። ችሎታው ሰው መቅረብ ነበር። ሲጋራ እየለኮሰ፣ ትከሻ እየነካ፣ የሚያናግረውን ሰው «ከአንተ በቀር የሚገባው የለም» እያሰኘ ደረጃውን ወጣ። በ1968 የሴጎቪያ ገዥ ሆነ፤ ከ1969 እስከ 1973 ብሔራዊውን ሬዲዮና ቴሌቪዥን መራ፤ ፍራንኮ በኖቬምበር 1975 ከሞተ በኋላ በተዋቀረው መንግሥት ደግሞ «ንቅናቄ» የሚባለውን፣ በአገሪቱ ብቸኛ ሕጋዊ የፖለቲካ ድርጅት የነበረውን፣ በዋና ጸሐፊነት የሚመራ ሚኒስትር ሆነ። ጁላይ 1976 ንጉሥ ሁዋን ካርሎስ ከቀረቡላቸው ሦስት ስሞች የእሱን መርጠው ጠቅላይ ሚኒስትር ሲያደርጉት ገና 43 ዓመቱ ነበር። ለውጥ ይጠብቁ የነበሩ ሰዎች አዘኑ፤ ጋዜጦች ሹመቱን እንደ ትልቅ ስሕተት ጻፉበት። የንቅናቄው ሰማያዊ ሸሚዝ ገና ከላዩ ያልወለቀ ሰው ነው የመጣብን ተባለ። እነዚያ ቅር ያላቸው ሰዎች ያላዩት፣ የእነሱ ቅሬታ ራሱ ለስዋሬዝ ካፒታል መሆኑን ነው። ተቃዋሚ በጠላው ቁጥር የቀድሞው ሥርዓት ሰዎች ልባቸው ያርፍ ነበር።

የሕጉ መንገድ እንዴት እንደተገኘ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ጉዳዩ የቴክኒክ ቢመስልም ቁልፉ ያለው እዚያ ነው። ፍራንኮ በ1958 ያወጣው መሠረታዊ ሕግ የንቅናቄው መርሆዎች በባሕርያቸው ዘላለማዊና የማይለወጡ ናቸው ይል ነበር። ንጉሡም ስዋሬዝም ለእነዚህ መርሆዎች ምለዋል። በሌላ በኩል በ1947 የወጣው የአልጋ ወራሽነት ሕግ፣ መሠረታዊ ሕጎች በኮርቴስ ስምምነትና በሕዝበ ውሳኔ ሊሻሻሉ ወይም ሊሻሩ እንደሚችሉ ይፈቅዳል። ግድግዳው ላይ በር ነበረ ማለት ነው፤ ማንም ይከፍተዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም እንጂ። በሩን ያሳየው የኮርቴሱ ፕሬዚዳንትና የንጉሡ የቀድሞ መምህር፣ የሕግ ፕሮፌሰሩ ቶርኳቶ ፈርናንዴዝ ሚራንዳ ነው። የሐሳቡ መፈክር «ከሕግ ወደ ሕግ» ነበር፤ መሐላ ሳይፈርስ ሥርዓቱ ይፈርሳል። የጦር መኮንኖች አብዮት ቢመጣባቸው የሚተኩሱበት ምክንያት ነበራቸው። ኮርቴስ ራሱ በደንቡ መሠረት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያጸደቀውንና ንጉሡ የፈረሙትን ሕግ ግን በምን አፋቸው ሕገ ወጥ ይሉታል?

በር መኖሩ ብቻውን ሰው አያስወጣም። 425ቱ «አዎ» ባዮች እንዴት ተገኙ? እዚህ ላይ የስዋሬዝ እጅ ይታያል። ረቂቁ በየኮሚቴው እንዳይጓተት ፈርናንዴዝ ሚራንዳ በአስቸኳይ ሥነ ሥርዓት እንዲቀርብ አደረገ። ረቂቁን ለምክር ቤቱ ካቀረቡት አንዱ ሚጌል ፕሪሞ ዴ ሪቬራ ነበር፤ የንቅናቄው መሠረት የሆነው የፋላንሄ ፓርቲ መሥራች የወንድም ልጅ። ያ ስም ከዚያ መድረክ ላይ ሲሰማ በአዳራሹ ለነበሩ ሽማግሌዎች የቤተሰብ ምርቃት ያህል ነው። የቀድሞው የፍራንኮ ሚኒስትር የማኑኤል ፍራጋ ወገኖች የምርጫ ሥርዓቱ ትንንሽ ፓርቲዎችን እንዳያበዛ ሥጋት ነበራቸው፤ ለእያንዳንዱ አውራጃ ዝቅተኛ የመቀመጫ ቁጥርና የድምፅ ገደብ ተጨመረላቸው። በምርጫ ከሚገቡት ሴናተሮች ቁጥር እስከ አንድ አምስተኛ የሚደርሱ ሌሎች ሴናተሮችን ንጉሡ እንዲሾሙ ተፈቀደ፤ ይህም ለአንዳንዱ «ነገም ወንበር ይኖረኛል» የሚል ተስፋ ሆነ። የቀረው በስልክና በኮሪደር የተሠራ ሥራ ነው። ስዋሬዝ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ዕድሜውን ሙሉ ኖሯል፤ ማን ሥራ እንደሚፈልግ፣ ማን ጡረታ፣ ማን ክብር ያውቃል። እንዲህ ያለ እውቀት በስደት ወይም በእስር ቤት አይገኝም። የሐቀኛ ተቃዋሚ ንጽሕና እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም ነበር።

ለዚህ ሁሉ የሚቀርብ አንድ ከባድ መቃወሚያ አለ። ስፔን በ1960ዎቹ በኢንዱስትሪና በቱሪዝም ተለውጣ ነበር፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ከገጠር ወደ ከተማ፣ ወደ ጀርመንና ወደ ፈረንሳይ ፋብሪካዎች ሄዷል፤ መካከለኛ መደብ ተፈጥሯል፤ ለውጡ በማንም እጅ ቢሆን አይቀርም ነበር ይላል መቃወሚያው። ከፊሉ እውነት ነው። ፍራንኮአዊነት ያለ ፍራንኮ ሊቀጥል እንደማይችል ኅብረተሰቡ ወስኖ ነበር። እንዴት እንደሚያበቃ ግን አልወሰነም። ከስዋሬዝ በፊት የነበረው ጠቅላይ ሚኒስትር ካርሎስ አሪያስ ናቫሮ ያንኑ ሕዝብ፣ ያንኑ ንጉሥ፣ ያንኑ ኢኮኖሚ ይዞ ወራት አሳለፈ፤ ያሳየው ግማሽ ተስፋና ሙሉ ጭቆና ነበር። ማርች 3 ቀን 1976 ቪቶሪያ ውስጥ ፖሊስ ከቤተ ክርስቲያን በሚወጡ አድመኛ ሠራተኞች ላይ ተኩሶ አምስት ሰዎች ሞቱ። ኢኮኖሚ በሩን ሊያንኳኳ ይችላል፤ ከውስጥ ቆልፎ የተቀመጠውን ሰው አሳምኖ የሚያስከፍት ሌላ ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ድርሰቱን የጻፈው ፈርናንዴዝ ሚራንዳ፣ አዘጋጁ ንጉሡ፣ ስዋሬዝ ደግሞ ተዋናይ ብቻ ነበር የሚለው ነው። ፈርናንዴዝ ሚራንዳ ረቂቁን ሲያስረክብ አባት የሌለው ወረቀት ነው እንዳለ ይነገራል፤ በኋላ ስዋሬዝ አባትነቱን ሲወስድበት ግን ቅር መሰኘቱ አልቀረም። ነገር ግን ድርሰቱ የሚደርሰው እስከ ሕጉ ድረስ ነው። ዲሴምበር 15 ቀን 1976 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ፣ ተቃዋሚዎች «አትውጡ» ብለው ቢቀሰቅሱም ከመራጩ 77 በመቶ ወጣ፤ ከመረጡት 94 በመቶ «አዎ» አሉ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ በማንም ድርሰት ውስጥ አልነበረም፤ ኮሙኒስት ፓርቲው ምን ይሁን?

ይህ ጥያቄ ለምን እንደዚያ እሳት እንደነበረ ለመረዳት፣ የስፔን ጦር መኮንን ራሱን የሚገልጸው በ1939 ኮሙኒዝምን ድል ባደረገ ሠራዊትነት መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ስዋሬዝ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1976 የጦሩን ከፍተኛ አዛዦች ሰብስቦ የለውጡን ዕቅድ አስረድቶ ነበር። ኮሙኒስት ፓርቲው ሕጋዊ ይሆናል ወይ ሲሉት፣ አሁን ባለው የመተዳደሪያ ደንቡ አይሆንም አላቸው። አዛዦቹ የሰሙት የመጨረሻዋን ቃል ነው። እሱ የተናገረው ግን ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ነበር። ጄኔራሎቹ እየሳቁ ወጡ፤ ዕዳው የተጻፈው ያኔ ነው።

ጃንዋሪ 24 ቀን 1977 ማታ ቀኝ አክራሪ ታጣቂዎች ማድሪድ አቶቻ ጎዳና ላይ ወደሚገኝ የሠራተኛ ጉዳይ ጠበቆች ቢሮ ገብተው አምስት ሰዎች ገደሉ። በዚያው ሳምንት አንድ ጄኔራል በግራ አክራሪዎች ታፍኖ ነበር፤ አገሪቱ በቋፍ ላይ ነበረች። ኮሙኒስት ፓርቲው ለቀብሩ በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ሰው አስወጣ። መፈክር አልነበረም፤ የተሰበረ መስተዋት አልነበረም፤ ሬሳው ሲያልፍ ሰው ቡጢውን አንሥቶ ዝም ብሎ ቆመ። ሕጋዊ ያልሆነ ፓርቲ ከሕጋዊው መንግሥት ይበልጥ ሥርዓት ሊያስከብር እንደሚችል የታየበት ቀን ነው። ከወር በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 27፣ ስዋሬዝ ከፓርቲው መሪ ከሳንቲያጎ ካሪዮ ጋር በአንድ ጠበቃ ቤት በምስጢር ተገናኘ፤ ካሪዮ ከስደት የተመለሰው በድብቅ ዊግ አጥልቆ ሲሆን፣ ታስሮ ከተፈታም ገና ሁለት ወሩ ነው። ሁለቱ ሰዎች ለሰዓታት አወሩ፤ ብዙ አጨሱ። ካሪዮ ያመጣው ንጉሡንና ባንዲራውን የመቀበል ፈቃደኝነት ነበር፤ ስዋሬዝ ያመጣው ደግሞ የተበደረውን እምነት።

ውሳኔው የታወጀው ኤፕሪል 9 ቀን ነው፤ የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ። ከተማው ባዶ ነበር፤ ሚኒስትሮች፣ መኮንኖች፣ ጋዜጠኞች በየባሕር ዳርቻው ተበትነዋል። የቀኑ አመራረጥ ራሱ የሰውየውን ጠባይ ይናገራል። የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ አድሚራል ፒታ ዳ ቬይጋ ወዲያው ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በሥራ ላይ ካሉት አድሚራሎች ቦታውን የሚቀበል ስለጠፋ ከጡረታ አንድ ሰው ተጠራ። የጦሩ ከፍተኛ ምክር ቤት ውሳኔውን እንደተጸየፈው፣ ግን ለዲሲፕሊን ሲል እንደተቀበለው በጽሑፍ አስታወቀ። ካሪዮ በኩሉ ኤፕሪል 14፣ የስፔን ሪፐብሊክ በታወጀበት 46ኛ ዓመት ቀን፣ ማዕከላዊ ኮሚቴውን ሰብስቦ የንጉሡን ባንዲራ አስቀበለ። እዚያ ስብሰባ ላይ የነበሩት ሰዎች ብዙዎቹ ለሌላው ባንዲራ ሲሉ ከአሥር ዓመት በላይ የታሰሩ ናቸው።

ስዋሬዝ ጄኔራሎቹን ዋሽቷል? እሱ እስከ መጨረሻው አልዋሸሁም ባይ ነው። ፓርቲው ደንቡን ለውጧል፤ ስለዚህ «አሁን ባለው ደንቡ» ያለው ቃል በፊደሉ አልፈረሰም። ይህ መከራከሪያ ለፍርድ ቤት ይበቃል፤ እምነት ግን በፊደል አይነበብም። መኮንኖቹ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ለስዋሬዝ የነበራቸው ስሜት ለፖለቲካ ተቃዋሚ የሚሰማ ዓይነት አልነበረም፤ የእናት ልጅ የከዳው ሰው የሚሰማው ዓይነት ነበር። በእኔ ግምት ውሳኔው ትክክል ነበር። ያለ ኮሙኒስቶቹ የሚደረግ ምርጫ ግማሽ ምርጫ ይሆን ነበር፤ ካሪዮም ከውጭ ሆኖ የሠራተኛውን አድማ ከማባባስ በቀር ምርጫ አይኖረውም። ትክክል መሆኑ ግን ዋጋውን አልቀነሰም። እንዲያውም ማንኛውም ከውስጥ የወጣ አሻሻይ እዚህ ነጥብ ላይ መድረሱ አይቀርም፤ እምነት የሰጡትን ሰዎች ሳያስከፋ ወደ ዳር የሚያደርስ መንገድ የለም።

ጁን 15 ቀን 1977 በተካሄደው ምርጫ የስዋሬዝ ጥምረት፣ የዴሞክራሲያዊ ማዕከል ኅብረት፣ በ34 በመቶ ድምፅ አንደኛ ወጣ፤ ብቻውን ለመግዛት የሚበቃ መቀመጫ ግን አላገኘም። ሶሻሊስቶቹ 118፣ በጦሩ ዘንድ ያን ያህል የተፈሩት ኮሙኒስቶች 20 መቀመጫ ብቻ አገኙ፤ የፍራጋ ፓርቲ ደግሞ 16። ይህ ኅብረት ራሱ ብድር ነበር። ከደርዘን በላይ ትንንሽ ፓርቲዎች፣ ክርስቲያን ዴሞክራቶች፣ ሊበራሎች፣ ሶሻል ዴሞክራቶች፣ የቀድሞ የንቅናቄ ሹማምንት ምርጫው ሲደርስ ተጣድፈው የተጠለሉበት ጃንጥላ ነው። አንድ ያደረጋቸው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምርጫ ማሸነፍ መቻሉ ነበር፤ ያ ችሎታ ባጠራጠረ ቀን ምን እንደሚሆኑ መገመት አያዳግትም።

የዚያን ዓመት የዋጋ ንረት 26 በመቶ ገደማ ደርሶ ነበር። በኦክቶበር 25 በጠቅላይ ሚኒስትሩ መቀመጫ በሞንክሎአ ቤተ መንግሥት ከፍራጋ እስከ ካሪዮ ያሉ መሪዎች የፈረሙት ስምምነት ብዙ ይወራለታል። ዋናው ብልሃቱ ቀላል ነው። ደመወዝ ባለፈው ዓመት የዋጋ ንረት ልክ ሲጨመር ንረቱ ራሱን ይወልዳል፤ ስለዚህ ጭማሪው በሚቀጥለው ዓመት በሚጠበቀው ንረት ይለካ ተባለ። ሠራተኛው ቀበቶውን ሲያጠብቅ በምትኩ የሚያገኘው ተጻፈለት፤ ሀብታሙ በእርግጥ የሚከፍለው የገቢ ግብር፣ ትምህርት ቤት፣ የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥጥር። ንረቱ በዓመት ውስጥ ወደ 16 በመቶ ወረደ። ሥራ አጥነቱ ግን መውጣቱን አላቆመም፤ ይህንንም ስዋሬዝ በኋላ ከፈለበት።

ሕገ መንግሥቱ የተረቀቀው በሰባት ሰዎች ነው፤ ከመንግሥት ፓርቲ ሦስት፣ ከሶሻሊስት፣ ከኮሙኒስት፣ ከፍራጋ ወገንና ከካታላኖች አንድ አንድ። ነገሩ ሲጠብቅ የስዋሬዝ ምክትል አብሪል ማርቶሬልና የሶሻሊስቱ አልፎንሶ ጌራ ማታ ማታ ምግብ ቤት እየተቀመጡ አንቀጽ ሲፈቱ ያድሩ ነበር። በፓርላማ የተጨቃጨቁበትን በእራት ጠረጴዛ ጨረሱት። አንቀጽ 2 የስፔንን አንድነት የማይበጠስ ብሎ ካወጀ በኋላ በዚያው ትንፋሽ ለ«ብሔረሰቦችና ክልሎች» ራስን የማስተዳደር መብት ይሰጣል፤ የትኛው ብሔረሰብ፣ የትኛው ክልል እንደሆነ ግን አይናገርም። ለአማርኛ አንባቢ የዚያች አንዲት ቃል ክብደት ማብራሪያ አያሻውም። ዲሴምበር 6 ቀን 1978 ሕዝቡ በ88 በመቶ ገደማ አጸደቀው፤ ባስክ ምድር ግን ከመራጩ ከግማሽ በላይ ቤቱ ቀረ። ሁሉም ወገን የፈለገውን ያነብበት ዘንድ የተጻፈ አንቀጽ ነው፤ ይህም የስዋሬዝ የድሮ ዘዴ ነበር፣ በሴፕቴምበሩ ስብሰባ ጄኔራሎቹ ላይ የሠራው ዓይነት።

ከዚያ ወዲያ ያለው ዘመን መውረድ ነው። እንዴት ወረደ ለሚለው፣ ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ምክንያት ይደረድራሉ፤ የነዳጅ ዋጋ፣ የባስክ ተገንጣይ ታጣቂው ቡድን ኢታ፣ የፓርቲው ባላባቶች። ሁሉም አለበት። ኢታ በ1980 ብቻ ከ90 በላይ ሰው ገደለ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ወታደርና ፖሊስ ስለነበሩ እያንዳንዱ ቀብር ላይ መኮንኖች በመንግሥት ላይ ይጮሁ ነበር። ሥር ያለው ነገር ግን የመሣሪያ ለውጥ ነው። የስዋሬዝ መሣሪያ በዝግ በር የሚደረግ የሁለት ሰው ወሬ ነበር። እሱ ራሱ የሠራው ቤት ደግሞ መስኮቱ ብዙ ነው፤ በአደባባይ መከራከር፣ ጥያቄ መመለስ፣ አቋም መያዝ ይጠይቃል። ማርች 1979 ሁለተኛውን ምርጫ ካሸነፈ በኋላ ፓርላማው ለሹመቱ ድምፅ የሰጠው ያለ ቅድመ ክርክር ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አልፈለገም። ጌራ «የሚሲሲፒ ቁማርተኛ» ብሎ የሰደበው በዚያ ዘመን ነው፤ ስድቡ የተጣበቀው እውነት ስለነበረበት ይመስለኛል። ፌብሩዋሪ 1980 አንዳሉሲያ ስለ ራስ አስተዳደሯ ሕዝበ ውሳኔ ስታደርግ የገዛ ፓርቲው ሕዝቡ እንዳይመርጥ ቀሰቀሰ፤ ለካታሎኒያ የሰጠኸውን ለእኛ ለምን ትከለክላለህ የሚለውን ጥያቄ የሚመልስ ቃል አልነበረም። «ሁሉም የፈለገውን ያንብብ» የሚለው አንቀጽ መነበብ ሲጀምር የሆነው ይህ ነው። ሜይ 1980 የሶሻሊስቶቹ መሪ ፌሊፔ ጎንዛሌዝ ያቀረበውን የአመኔታ ማጣት ሞሽን 152 ለ166 አለፈው፤ ግን አገሩ በቴሌቪዥን ያየው አንድ ወጣት ተከራካሪና አንድ የደከመ ሰው ነው። በፓርቲው ውስጥ ስለ ፍቺ ሕግ ክርስቲያን ዴሞክራቶቹና ሶሻል ዴሞክራቶቹ ተናከሱ። ንጉሡም ከእሱ ራቁ። ጃንዋሪ 29 ቀን 1981 በቴሌቪዥን ቀርቦ ሥልጣን መልቀቁን ተናገረ፤ ዴሞክራሲው በስፔን ታሪክ ውስጥ እንደገና በቅንፍ የሚታለፍ ነገር እንዳይሆን ነው የምለቀው አለ።

ፌብሩዋሪ 23 ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ አልፎ፣ ተተኪው ላይ ድምፅ እየተሰጠ ሳለ፣ ሌተና ኮሎኔል ቴሄሮ የተባለ መኮንን መፈንቅለ መንግሥት ሊያደርግ ሽጉጡን ይዞ ወታደሮቹን አስከትሎ ምክር ቤቱ ገባ። ጣሪያው ላይ ሲተኮስ 350ው እንደራሴ በሙሉ ማለት ይቻላል ወንበሩ ሥር ተኛ። ያልተኙት ሦስት ናቸው። የመከላከያ ጉዳይ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጄኔራል ጉቲየሬዝ ሜያዶ፣ የሰባ ገደማ ሽማግሌ፣ ተነሥቶ ወታደሮቹን በእጁ ተጋፈጠ። ካሪዮ ሲጋራውን እያጨሰ ተቀመጠ። ስዋሬዝም በሰማያዊው የሚኒስትሮች ወንበር ላይ ብቻውን ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ዙሪያው ያሉት ወንበሮች በሙሉ ባዶ ይመስላሉ። ጀርመናዊው ደራሲ ኤንዘንስበርገር ከዓመታት በኋላ ስዋሬዝን ከጎርባቾቭ ጋር አስተባብሮ «የማፈግፈግ ጀግና» ብሎ ጠራው፤ ከያዘው ቦታ መውጣትን የሚያውቅ ሰው ማለቱ ነው። ቃሉ ያምራል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልስማማበትም። የሚያፈገፍግ አዛዥ የራሱን ወታደሮች ለማትረፍ ነው የሚያፈገፍገው፤ ሦስቱ ሰዎች የሚያመሳስላቸው ግን በየወገናቸው ከሃዲ መባላቸው ነበር። የጦሩ ጄኔራል በጦሩ ተጠልቷል፣ ኮሙኒስቱ በጓዶቹ፣ የንቅናቄው ጸሐፊ በንቅናቄው ሰዎች። ሦስቱም የወገናቸውን እምነት ተበድረው ለአገር አውለውታል፤ ቴሄሮ የመጣው እሱን ሒሳብ ሊሰበስብ ነው።

ከመቃወሚያዎች ሁሉ የሚከብደው የምሕረት አዋጁ ነው። ኦክቶበር 15 ቀን 1977 የጸደቀው ሕግ የፖለቲካ እስረኞችን ሲያስፈታ፣ በዚያው ብዕር የፍራንኮን ፖሊሶችና ባለሥልጣናትም ከክስ ነጻ አወጣ። የፍራንኮ ወገን ገድሎ በየገደሉ የቀበራቸው ሰዎች አጥንት እዚያው ቀረ፤ መንግሥት ጉዳዩን በሕግ የነካው ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ2007 ነው። ስዋሬዝ ይህን በግድ አልጫነም። ምሕረቱን በመጀመሪያ የጠየቁት ተቃዋሚዎች ናቸው፤ በምክር ቤትም ስለ ኮሙኒስቶቹ ሆኖ የደገፈው ራሱ ለዓመታት የታሰረው የሠራተኛ መሪ ማርሴሊኖ ካማቾ ነበር። ይህ ግን መልሱን ሙሉ አያደርገውም። በስምምነቱ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት የየራሳቸውን ይቅር ማለት ይችላሉ፤ አባቷ የት እንደተቀበረ የማታውቅ የአንዳሉሲያ ገበሬ ልጅ ግን ጠረጴዛው ላይ ወንበር አልነበራትም፤ ከብድሩ ውስጥ ከእሷ የተወሰደም አለበት። እሷ ለማንም አበድራለሁ አላለችም።

የቀረው፣ ስዋሬዝ እምነት የሌለው ጥቅመኛ ነበር የሚለው ነው። በ1976 ዓላማው ምን እንደነበረ መፈተሽ ብዙ አያስኬድም፤ ነፍሱን ማየት አንችልም። ድርጊቱን ግን ማየት እንችላለን። ጥቅመኛ ሰው ትርፉ ባለበት ይቆማል፤ ስዋሬዝ ለኮሙኒስቶቹ በር ሲከፍት ያተረፈው 20 መቀመጫ ያለው ተፎካካሪና የጦሩን ጥላቻ ነው። ኤፕሪል 1977 ንቅናቄውን በድንጋጌ አፍርሶ፣ አልካላ ጎዳና ላይ ከሚገኘው የገዛ የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ግዙፉን የቀንበርና የቀስት ምልክት ሲያስወርድም ለራሱ መመለሻ አላስቀረም።

በኦክቶበር 1982 ምርጫ የማዕከል ኅብረቱ ከ168 መቀመጫ ወደ 11 ወረደ፤ ከወራት በኋላም ፈረሰ። የካሪዮ ፓርቲ 4 ብቻ አገኘ፤ ካሪዮም ከመሪነቱ ወረደ። ስዋሬዝ ያቋቋመው አዲስ ፓርቲ ሁለት መቀመጫ አሸነፈ፤ አንዱን እሱ ራሱ ከማድሪድ፣ ሌላውን የድሮ ጓደኛው ከአቪላ፣ ከትውልድ አውራጃው። በ1976ቱ ክርክር ሕጉን በመቃወም ከሁሉ አምርሮ የተናገረው ብላስ ፒኛርም በዚያ ምርጫ ተወዳድሮ ነበር፤ የነበረችው አንዲት መቀመጫ፣ «አይሆንም» ባለው ሕግ በተከፈተ ሳጥን በተቆጠረ ድምፅ፣ ከእጁ ወጣች።